መንገዱ ላይ ማን አለ? ስለ ገጠመኝ ሰንጠረዥ ጅማ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ዝናቡ ሳይበግራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ በሉ፤ ጅማ ተቀምጦ በርጩማ አይጠፋም።

በጥያቄ ልጀምር። ከዚህ ተነስታችሁ በእግራችሁ ወደ አጋሮ ብትሄዱ መንገድ ላይ ምን ያጋጥማችኋል? የዛሬውን መንገድ አላልኩም። አስፋልትም ሚኒባስም ሳይኖር፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ላይ ሆነው በሚገዙበት ዘመን ነው። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃ የጫነ ሰው በአንድ ቀን አይገፋውም። መሐል ላይ ማደር አለ።

(እዚህ ላይ መልሱ ከታዳሚው መጣ። ጅብ። ሲራራ ነጋዴ። ሽፍታ። ማር ቆራጭ። አንድ አባት «ኬላ ጠባቂ» አሉ። አንዲት ልጅ ደግሞ «ማማ ላይ ቆሞ በቆሎ የሚጠብቅ ልጅ» አለች።)

እዩ እንግዲህ። ማንም መጽሐፍ አልገለጠም። አገሩን ስለምታውቁት መንገዱንም ታውቁታላችሁ። የገጠመኝ ሰንጠረዥ ማለት ይኼው ነው። አገር የሚያውቅ ሰው «እዚያ መንገድ ላይ ማን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ሲጻፍ። ዛሬ የምነግራችሁ ይኼን መልስ እንዴት አድርጎ መጻፍ እንደሚቻል ነው።

ሰንጠረዡ የሚያገለግልበትን ጨዋታ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ነው፤ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገፀ ባሕርይ ይይዛሉ። አንዱ አዳኝ፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዱ ድግምት የተማረ ሽማግሌ ይሆናል። «በሩን እከፍታለሁ»፣ «ዛፍ ላይ እወጣለሁ» ይላሉ። ውጤቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። አሸናፊና ተሸናፊ የለም። ተረት ነው፤ ግን ተራኪው ራሱ መጨረሻውን የማያውቀው ተረት ነው። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። የሠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው።

ድንገተኛ ገጠመኝ ከዚያ ከመጀመሪያው ሕትመት ጀምሮ ነበር። ተጫዋቾቹ ከመሬት በታች ባለ ዋሻና ምድር ቤት ውስጥ ይሄዳሉ። በጨዋታው ሰዓት በየ10 ደቂቃው አጫዋቹ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይወረውራል። 6 ከመጣ አንድ የሚዞር አውሬ ደረሰባቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የጀማሪዎች ሕትመት ውርወራው በየ20 ደቂቃው ሆነ፣ የሚፈራውም ቁጥር 1 ሆነ።

ለምን አስፈለገ? ይኼን ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ቆም ብዬ ላየው እፈልጋለሁ። በዚያ ዘመን ሕግ ገፀ ባሕርይ የሚያድገው በዋናነት ሀብት ይዞ ሲወጣ ነው። አውሬ በመግደል የሚገኘው ትንሽ ነው። የሚዞረው አውሬ ደግሞ ሀብቱን ይዞ አይዞርም። ስለዚህ ገጠመኝ ኪሳራ ነው። ትደማለህ፣ የምታገኘው ግን የለም። ችቦው ደግሞ የሚነደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን በየግድግዳው እያንኳኩ ምስጢራዊ በር መፈለግ ዋጋ ያስከፍላል። «አንዴ ደግመን እንፈልግ ወይስ እንሂድ?» የሚለው ክርክር የሚጦፈው በዳይሱ ምክንያት ነው። ገጠመኙ ጊዜን ውድ አደረገው።

ይኼ ምክንያት ሲረሳ ሰንጠረዡ ብቻውን ቀረ። ዛሬ ብዙ ቦታ የምታዩት ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ነው፦ 1፣ አራት ተኩላ። 2፣ ስድስት ሽፍታ። 3፣ አንድ ግዙፍ ሸረሪት። ዳይሱ ይወረወራል፣ ተኩላ ይመጣል፣ ውጊያ ይጀመራል፣ ውጊያ ያልቃል። አንድ ሰዓት ሄደ። ተጫዋቹ ስለ አገሩ ያወቀው ነገር የለም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እጅ እጅ ይላል። ከዚያ አጫዋቹ «ድንገተኛ ገጠመኝ ጊዜ ይገድላል» ብሎ ጭራሽ ይተወዋል። እኔ በዚህ ከልቤ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የዳይሱ ሳይሆን የመስመሩ ነው። አራት ተኩላ የትም አገር አራት ተኩላ ነው። የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው እዚህ ጋ አይሠራም።

አንድ መስመር አለቀ የምለው እንዲህ ስፈትነው ነው። ያን መስመር አንስቼ ሌላ አገር ሰንጠረዥ ውስጥ ብከተው ይገባል? ሳይለወጥ ከገባ ገና አላለቀም።

እስቲ ጅብን እንውሰድ። «ሦስት ጅቦች» ብዬ ብጽፍ ምንም አልጻፍኩም። «ሦስት ጅቦች የቆሰለች የጭነት በቅሎ እየተከተሉ ነው» ብዬ ብጽፍስ? አሁን ጅቦቹ ጉዳይ አላቸው። እናንተን ፈልገው አልመጡም። በቅሎዋ ባለቤት አላት። ጭነት አላት። ቁስሉ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ አለ። የጨመርኩት ጥቂት ቃላት ብቻ ነው፤ ግን ተጫዋቹ አሁን ከመዋጋት ሌላ አምስት ዓይነት ነገር ማድረግ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር እንዲኖረው እፈልጋለሁ፦ ማን ነው፣ ምን እያደረገ ነው፣ ምን ይፈልጋል። ሦስተኛውን ብትረሱ እንኳ ሁለተኛውን አትርሱ።

አሁን አንድ ሰንጠረዥ አብረን እንሥራ። ቦታውን ከዚሁ ከአገራችን ታሪክ እንዋሰው። የጊቤ መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ፣ ድንበራቸውን በቦይና በአጥር ይከልሉ ነበር። መግቢያው ላይ ኬላ አለ፤ ጠባቂ አለ፤ ቀረጥ አለ። ከኬላው ወዲያ ደግሞ ማንም የማያርሰው፣ ማንም የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዋል። ሞጋ ይባላል። ለሰንጠረዥ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? የማንም ያልሆነ መሬት ነው። ሁሉም ያልፍበታል፣ ማንም አይኖርበትም። የአንዱ ንጉሥ ሕግ አልቋል፣ የሌላው ገና አልጀመረም።

የእኛ አገር ልብ ወለድ ነው፤ ስሙንም የአሠራሩንም ዝርዝር እንደፈለግን እናደርገዋለን። ግን አጥንቱን ከዚያ እንውሰድ። ደን ያለበት፣ አንድ መንገድ የሚያቋርጠው፣ በአንድ ጫፍ ኬላ በሌላው ጫፍ ወንዝ ያለው ሞጋ።

ዳይሱን ከሉዶ ሳጥን ውስጥ አውጡ። ሱቅ ሄዳችሁ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ብትጠይቁ ላታገኙ ትችላላችሁ። ባለ 6 ገጹ ግን የሌለበት ቤት የለም፣ ሁለት ከሆነ ደግሞ ይበቃል። ሁለቱን ወርውራችሁ ስትደምሩ ከ2 እስከ 12 ድረስ 11 ውጤት አለ። ዕድላቸው እኩል አይደለም። ከ36 አጣጣል 7 የሚመጣው በ6ቱ ነው። 6 እና 8 እያንዳንዳቸው በ5። 2 እና 12 ግን እያንዳንዳቸው በ1 ብቻ። መሐለኞቹ ሦስት ቁጥሮች ብቻቸውን 44 ከመቶ ይወስዳሉ።

ይኼ ቁጥር ለሒሳብ ሰው ብቻ አይደለም። አገር የሚገለጸው በሱ ነው። መሐል ላይ የምታስቀምጡት የአገሩ የዘወትር ኑሮ ነው፤ ጫፍ ላይ የምታስቀምጡት ሰው ለልጅ ልጁ የሚያወራውን ነው። ዘንዶውን 7 ላይ ካደረጋችሁት ዘንዶ የሞላበት አገር ሠራችሁ። 2 ላይ ካደረጋችሁት ግን ሁሉም የሚያወራለት፣ ማንም ግን ያላየው ዘንዶ ይሆናል። ሁለቱም ጥሩ አገር ሊሆን ይችላል። ብቻ አውቃችሁ ምረጡት።

በእኛ ሰንጠረዥ 7 ላይ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ቡናና ዝባድ ጭነው ሊወጡ ነው፣ ወይም አሞሌ ጨው ይዘው እየገቡ ነው። የሚፈልጉት ሳይመሽ ኬላው መድረስ ነው። እንግዳ ሰው ካዩ መጀመሪያ ወሬ ይጠይቃሉ፤ «ወንዙ ሞልቷል ወይ?» 6 ላይ ማር ቆራጮች ናቸው። አንዱ ዛፍ ላይ ነው፣ ሌላው ገመዱን ይዞ ታች ቆሟል፣ ጭሱ ይታያል። ንቦቹ ተቆጥተዋል። ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው አይፈልጉም። 8 ላይ ጉሬዛዎች ናቸው፤ ዛፉ ጫፍ ላይ ሆነው ድንገት ይጮኻሉ። ሌላ ነገር አይተዋል ማለት ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ዳይሱን ድገሙት፤ የሚመጣው ከጉሬዛዎቹ በኩል እየቀረበ ነው።

5 ላይ የኬላ ጠባቂዎች አንድ ሰው እያሳደዱ ነው። ቀረጥ ሳይከፍል ዝባድ ያሳለፈ ነው። ሰውየውን ትደብቃላችሁ ወይስ ትጠቁማላችሁ? 9 ላይ የበቆሎ ማሳ አለ። ሞጋ ውስጥ ማረስ ክልክል ነው፤ ግን አንድ ቤተሰብ ተደብቆ አርሷል። ማማው ላይ ያለው ልጅ ወንጭፉን ይዟል፣ ዝንጀሮዎቹ እየመጡ ነው፣ ልጁም እናንተን ከዝንጀሮዎቹ በላይ ይፈራችኋል። ይኼን መስመር በጣም እወደዋለሁ። እዚያ ማሳ ላይ ማንም ጎራዴ ባይመዝ እንኳ ተጫዋቾች ለወራት አይረሱትም።

4 ላይ ያወራናቸው ጅቦች ናቸው። 10 ላይ ጉማሬ ነው። እዚሁ ጅማ አጠገብ ቦዬ ረግረግ ሄዶ ጉማሬ ያየ ሰው ይኼን ያውቃል፤ ሌሊት ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል። አደጋው በእንስሳውና በውሃው መሐል መግባት ነው። ስለዚህ መስመሩ «ጉማሬ» አይልም። «ጉማሬ መንገዱን ተሻግሮ እየጋጠ ነው፤ ወንዙ ከኋላችሁ ነው» ይላል። የት እንደቆማችሁ ከሚያስፈራችሁ ነገር እኩል ይቆጠራል። 3 ላይ ሽፍቶች ናቸው፤ ወርቅ ሳይሆን ጨው ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም ገበያ መግባት አይችሉም። 11 ላይ ቀደም ሲል ያገኛችሁት ሰው ነው፤ ማንም ይሁን ማን፣ አሁን ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነው።

ጫፎቹ ይቀሩናል። 2 ላይ ዘንዶው ነው። ውሃ ሊጠጣ ወርዷል። ጠግቧል፣ ተኝቶ መነሳቱ ነው፣ ሰው አይፈልግም። 12 ላይ ደግሞ የሌሊት ገበያ። ሐሙስ እዚሁ ጅማ የሚቆመውን የሂርማታን ገበያ ታውቁታላችሁ። ይኼኛው ሌሊት፣ ደን ውስጥ፣ ያለ ድምፅ የሚቆም ነው። ሻጮቹ ጥላ የላቸውም። ሁሉም ነገር አለ፤ የሚከፈለው ግን ገንዘብ አይደለም። ቀን ላይ 12 ከመጣ ገበያው የቆመበትን የተረገጠ ሣር ብቻ ታገኛላችሁ።

እስቲ ይኼ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በቅርቡ እዚሁ ከተማ ከሦስት ወጣቶች ጋር ስንጫወት 4 መጣ። ጅቦቹ። ከዚያ ርቀቱን ለማወቅ ሁለቱን ዳይስ ወረወርኩ፤ ድምሩን በ10 እርምጃ አበዛሁት። 80 እርምጃ። ሲመሻሽ ነው፣ ዓይን ገና አልያዘም። ከዚያ የጅቦቹን ስሜት ወረወርኩ።

ይኼ ስሜት የሚባለው ነገር የድሮ ሕግ ነው፤ በኔ እምነት ከሰንጠረዡ ራሱ እኩል ይጠቅማል። በ1981ዱ ሕትመት እንዲህ ነው፦ 2 ከመጣ ወዲያው ያጠቃሉ። ከ3 እስከ 5 ጠላትነት ያሳያሉ። ከ6 እስከ 8 ግራ ይገባቸዋል። ከ9 እስከ 11 አያጠቁም፤ ትተው ይሄዳሉ ወይም የሚሰጧቸውን ያያሉ። 12 ከሆነ ይወዷችኋል። ልብ በሉ፤ ያለ ምንም ቃል ወዲያው የሚያጠቃ ነገር ከ36 አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። ውጊያ የመጨረሻው ዕድል ነበር። ይኼን ሕግ የጣለ አጫዋች ያገኘውን ሁሉ ጠላት ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የገጠመኙ ወሬ ሁሉ ደም ነው።

የኛው ቀን 9 መጣ። ጅቦቹ ቆሙ። አዩን። ከበቅሎዋ ዓይናቸውን አላነሱም።

አዳኙን የያዘው ልጅ ቀስቱን አወጣሁ አለ። ነጋዴዋን የያዘችው ልጅ ግን እጁን ያዘችውና «ቆይ እስቲ፣ በቅሎዋ የማን ናት?» አለችኝ። እኔ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ዳይሱን ደገምኩት፤ 7 መጣ። የሲራራ ነጋዴ ናት። ጭነቱ አሞሌ ጨው ነው። ልጅቷ ወዲያው «ሲራራ ነጋዴ ጨው የጫነች በቅሎ ጥሎ አይሄድም። አንድ ነገር አስሮጦታል» አለች። ሦስቱም ተያዩ። ሽፍታ ቅርብ ነው ማለት ነው። ይኼን እኔ አልነገርኳቸውም። ሁለት ውርወራና ሁለት መስመር ነው የነገራቸው።

አዳኙ ጨውን አውርደን በቅሎዋን ለጅቦቹ እንተውላቸው አለ። ብልህ ሐሳብ ነው። ልጅቷ ግን እምቢ አለች፤ «ቁስሏ ይድናል፣ አልሰጥም።» እሳት አነደዱ። ሌሊቱን ተራ በተራ ጠበቁ። ጠዋት በቅሎዋን እየሳቡ ኬላው ሲደርሱ የጨው ባለቤት እዚያው ተቀምጦ ለጠባቂዎቹ ሽፍታ ዘረፈኝ እያለ ያለቅሳል። ቀና ሲል ሦስት የማያውቃቸው ሰዎች በቅሎውን ይዘው ቆመዋል። የዚያን ቀን ጨዋታ ሙሉ በሙሉ በዚህ አለቀ። ያዘጋጀሁት ታሪክ ሌላ ነበር፤ አልቆጨኝም።

ከዚህ የቀሩኝን ጥቂት ነገሮች ልጥቀስ። አንዱ ምልክት ነው። ገጠመኝ ሁሉ ፊት ለፊት መምጣት የለበትም። የገጠመኝ ቁጥር ሲመጣ አንድ ተጨማሪ ዳይስ ጣሉ፤ 1 ወይም 2 ከሆነ የሚያገኙት ዱካውን ብቻ ነው። ትኩስ ፋንድያ፣ የጠፋ እሳት፣ የተበጠሰ ገመድ፣ ከሩቅ የሚሰማ ሳቅ የመሰለ የጅብ ድምፅ። ተጫዋች ከምልክት በኋላ ራሱ ይመርጣል፤ ይከተላል ወይ ይሸሻል። ለዘንዶው ደግሞ ይኼ የግድ ነው። መጀመሪያ የተጋደመውን ሣር ያላየ ሰው ዘንዶ ላይ ቢወድቅ ፍርድ የለውም።

ሌላው ማለቅ ነው። ሽፍቶቹ ከተያዙ በኋላ 3 ሲመጣ ሌሎች ሽፍቶች ከየት መጡ? መልስ ከሌላችሁ አገሩ ውሸት ይሆናል። ለዚህ ዳይሱን ትቼ ወረቀት የምጠቀምበት ጊዜ አለ። እያንዳንዱን ገጠመኝ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ኩባያ ውስጥ እከታለሁ። እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው፤ አንዴ የወጣለት ተመልሶ አይገባም። ኩባያው እየቀለለ ሲሄድ ተጫዋቾቹ መንገዱን እያጸዱት መሆኑ ይገባቸዋል። ነጋዴዎቹን ግን መልሼ እጨምራቸዋለሁ፤ ንግድ አይቆምም። ዳይሱን ለወደደ ደግሞ መንገዱ ቀላል ነው፦ የሞተውን መስመር ሰርዛችሁ በሱ ሞት የመጣውን ጻፉበት። ሽፍቶቹ ከጠፉ 3 ላይ የሽፍታው ወንድም ለደም ይመጣል፣ ወይም ያ ተደብቆ ያረሰ ቤተሰብ ማሳውን አስፍቶ ሁለተኛ ማማ ይሠራል።

ወቅትም አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ጊዜ ይኼ ደን ሰው ይበዛበታል። እሸት ቡና በቅርጫት የያዙ ሴቶችና ልጆች፣ ጀንፈል የጫኑ በቅሎዎች፣ ጀንፈሉን የሚጠብቅ ዘበኛ። ክረምት ላይ ግን ወንዙ ይሞላል፣ ነጋዴው ይቀንሳል፣ ጭቃው መንገዱን ይይዘዋል። ሰንጠረዡን በሙሉ መቀየር አያስፈልግም። 6 እና 7ን ብቻ ቀይሩ። መሐሉ ሲቀየር አገሩ በሙሉ የተቀየረ ይመስላል፤ 30 ከመቶ የሚሆነው ዕድል እነሱ ጋ ነውና።

አንድ ከበድ ያለ ነገር ልናገር። ከባህላችን ስንወስድ የምንወስደውን እንይ። አያ ጅቦን ውሰዱ፣ ዘንዶን ውሰዱ፣ ጭራቅን ውሰዱ። ቡዳን ግን ሰንጠረዥ ውስጥ እንደ አውሬ አትክተቱ። በዚህ ስም ብረት የሚቀጠቅጡና ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች፣ ጎረቤቶቻችን፣ ስንት ዘመን ተገልለዋል። ጨዋታ ላይ «ቡዳ ገደልኩ» ብሎ የሚስቅ ልጅ ነገ ማንን እንደሚያይ አስቡ። እንደዚሁ የድሮው የንግድ መንገድ ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም የሚያልፍበት። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ሂርማታም ይኼን አይታለች። ይኼን በቁጥር 8 ላይ ማስጌጫ አድርጎ ማለፍ ነውር ነው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰዎች አስቀድመው ተነጋግረው፣ ክብደቱን ሊሸከሙ ከተስማሙ ያምጡት። ካልሆነ ይቅር።

ስንት ጊዜ ይወረወር? ለጉዞ እኔ ቀኑን በ4 እከፍለዋለሁ፤ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ሌሊት። በእያንዳንዱ አንድ ዳይስ፣ 1 ከመጣ ገጠመኝ አለ። ሲሰላ በቀን ቢያንስ አንድ ገጠመኝ የመኖር ዕድሉ 52 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ግማሹ ቀን በሰላም ያልፋል። ሰላም ያለበት ቀን ያስፈልጋል፤ ያለሱ አደጋው አይሰማም።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ተነስተው ነበር፤ ሁለቱን እጽፋቸዋለሁ።

አንድ ወጣት «ዳይሱ ያወጣው ነገር ታሪኬን ቢያበላሽብኝስ? ልደብቀው ወይ?» አለ። አትደብቀው። የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል ዝግጁ ካልሆንክ መጀመሪያውኑ አትወርውር። ያን ሌሊት ንግሥቲቱ የግድ መድረስ ካለባት ትድረስ፤ ዳይሱ ይቀመጥ። ከወረወርክ ግን ሁሉም እያየው ወርውር። ተጫዋቾች አጫዋቹ ዳይሱን እንደሚታዘዝ ሲያዩ ነው መፍራትም መደሰትም የሚጀምሩት።

ያቺ የበቆሎ ጠባቂውን ያነሳችው ልጅ ደግሞ «ማሟያ ያጣሁለት መስመር ሲኖር ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። ባዶ ተይው አልኳት። 11ዱንም አንድ ማታ መሙላት ግዴታ አይደለም። 6፣ 7 እና 8ን ጻፊ፤ የጨዋታሽን ግማሽ ሊጠጋ የሚችለው እነሱ ላይ ነው። የቀረውን ስትጫወቱ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያመጡልሻል። የሚያወሩትን ስሚ። አንዱ «እዚህ ደን ውስጥ የቀበሩት ነገር ሳይኖር አይቀርም» ካለ ጻፊው፤ 10 ላይ መሬት እየቆፈሩ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ይኖራሉ፣ አንዱ ለሌላው አልነገረውም። የሚፈልጉትን ጨምሪበት፣ ከዚያ ወርውሪ።